በስምና በአባት ስም መካከል

በሽኝቴ ዕለት ማይክ አስጨበጡኝና «በይ እትዬ ብዙነሽ፣ አንቺ ደግሞ ወሬ አይጠፋሽም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ጠይቆኝ ታሪክ ሳይሰማ የወጣ ሰው የለም። ያን ዕለት ግን «እግዜር ይስጥልኝ፣ ውሃ ጠጡ፣ ሙቀቱ ከባድ ነው» ብዬ ቁጭ አልኩ። ቀልድ መስሏቸው ሁሉም ሳቁ።

ልናገር አስቤ የነበረው ስለ ሐዋ ነው። አሁን ጡረታዬን ይዤ ድሬ፣ ሳቢያን ሠፈር ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ስቀመጥ፣ ያላወራሁት ነገር ከበደኝና ደብተር አወጣሁ። ከመጀመሬ በፊት ለሐዋ ደወልኩላት። «ጻፊው፣ ግን አታሳምሪው» አለችኝ። እሞክራለሁ።

አባቴ ከመንዝ ወርዶ ባቡር ጋራዥ ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ታይፕ ተማርኩና ለገሀር አካባቢ አንድ ትራንዚት ቢሮ ተቀጠርኩ። ሥራዬ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን መምታት ነበር፤ ከጅቡቲ የሚገባው ዕቃ ስሙ፣ ብዛቱ፣ ክብደቱ። አለቃችን እኩለ ቀን ላይ ቢሮው ሲዘጋ ቤታቸው ሄደው ይተኛሉ። ሲመለሱ ግን ስህተቴን በሕልማቸው ያዩት ይመስል ጣታቸው በቀጥታ እዚያው ላይ ያርፋል። «ብዙነሽ፣ ይቺ ፊደል ኮንቴይነር ታስቆማለች» ይሉኛል። ታስቆማለችም፤ በአንድ ፊደል የተነሳ የሰው ዕቃ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ሲሰነብት አይቻለሁ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚወራለት አይደለም።

በታይፕ መኪና ላይ ትልቁ ቁልፍ ከታች የተጋደመው ረጅሙ ነው። ስትመቱት ወረቀቱ ላይ ምንም አያትምም፣ ዝም ብሎ ያሳልፋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ቁልፍ በአውራ ጣቴ ስደበድብ፣ ባዶ ቦታ ማለት ምንም ማለት አይደለም ብዬ አምኜ ኖርኩ።

ኮምፒውተር ሲመጣ ማንም አላስተማረኝም። ከማሽኑ ጋር የመጣውን መጽሐፍና አንድ የተገነጣጠለ መዝገበ ቃላት ይዤ በምሳ ዕረፍት ቢሮ እየቀረሁ ራሴን አስተማርኩ። የኛ ከተማ የምሳ ዕረፍት ረጅም ነው፤ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤቱ ያስገባዋል። ሌላው ሲተኛ እኔ አንዲት ገጽ ከመዝገበ ቃላት ጋር ስታገል እውላለሁ። ትራንዚት ቢሮው ሲዘጋ በዚያው ችሎታዬ በአንድ የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሬጅስትራር ክፍል ተቀጠርኩ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ስሙን የሚያስጠራ ነገር የለም።

ጋሽ ኢብራሂምን ያገኘሁት እዚያ ነው። የኮሌጁ ኮምፒውተሮች ኃላፊ ነበር። ሌላ አገር ብሆን «ነበሩ» ብዬ እጽፍ ነበር፤ ድሬ ላይ ግን «አንቱ» ብዙ ቦታ የለውም፣ እኔም «ጋሼ» እያልኩ «አንተ» ነበር የምለው። በወጣትነቱ በባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍና የሲግናል ስልክ ላይ ሠርቷል። ባቡሩ ሲቆም ሽቦ የሚያውቅ እጁን ይዞ ወደ ኮምፒውተር ዞረ። አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ አጥፎ በሶማልኛ ይዘጋዋል፤ ሲናደድ ደግሞ ፈረንሳይኛ ይጨምርበታል።

ኮሌጁ የሶፍትዌር ፈቃድ የሚገዛበት አቅም ስላልነበረው ጋሽ ኢብራሂም ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሥርዓት በኮምፒውተሮቹ ላይ ጭኖ ነበር። ሊኑክስ ውስጥ ሼል የሚባል ጥቁር መስኮት አለ። እዚያ ማውስ አይሠራም፤ የምትፈልጉትን በጽሑፍ ታዛላችሁ። «ይኼን ፎልደር ወደዚያ ቅዳ፣ ያንን አጥፋ» ትሉታላችሁ፤ ይፈጽማል። ትእዛዞቹን በተራ ጽፋችሁ አንድ ፋይል ውስጥ ካስቀመጣችሁ ስክሪፕት ይባላል፤ የአንድ ሳምንት ሥራ ውሃ ጠጥታችሁ እስክትመለሱ ያልቃል። እኔ ታይፒስቷ በዚያ መስኮት ፍቅር ያዘኝ። የምጽፈው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታዘዘኝ አየሁ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ስክሪፕት የተማሪ ፎልደሮችን ወደ ሌላ ዲስክ የሚቀዳ ነበር። አልሠራ አለኝ።

«ጋሼ፣ ይኼ ማሽን ታሟል» አልኩት። «አሕመድ ዩሱፍ የሚባል ተማሪ ፎልደሩ ይኸው ፊቴ ተቀምጦ የለም ይለኛል።»

«ስንት ዕቃ ሰጠሽው?»

«አንድ ነዋ። አሕመድ ዩሱፍን።»

«አቦ ሁለት ነው የሰጠሽው!»

ከመሳቢያው መቀስ አወጣ። በቁራጭ ወረቀት ላይ «አሕመድ ዩሱፍ» ብሎ ጻፈና በሁለቱ ቃላት መካከል፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ ቆረጠው። አንዱን ቁራጭ ጠረጴዛው ቀኝ ላይ፣ ሌላውን ግራ ላይ አስቀመጠ። «ሼሉ እንዲህ ነው የሚያነበው። ባዶ ቦታ ባየ ቁጥር መቀሱን ያነሳል። አሕመድ የሚባል ፈለገ፣ አጣ። ዩሱፍ የሚባል ፈለገ፣ አጣ። አንቺ የሰጠሽው ልጅ ጋ አልደረሰም።» ከዚያ ሌላ ወረቀት ላይ ያንኑ ስም ጽፎ ፖስታ ውስጥ ከተተና ፖስታውን አሸገው። «ይኼ ትእምርተ ጥቅሱ ነው። ከፊትና ከኋላ ስታደርጊበት አንድ ዕቃ ነው፣ መቀስ አይገባበትም። ገባሽ?»

ገባኝ። እንዲያውም አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፤ በስምና በአባት ስም መካከል ትንሽ ሰረዝ ብናደርግስ? የሬጅስትራሩ ኃላፊ አቶ ታደሰ ግን አልተቀበሉትም። አቶ ታደሰ ከደጋ የመጡ፣ ክራቫታቸውን በዚያ ሙቀት የማይፈቱ፣ «አንቱ» የሚባሉ ሰው ነበሩ። «በዲፕሎማው ላይ እንዳለው ይጻፍ» አሉ። «ሰው ከአባቱ ጋር በሰረዝ አይሰፋም።» ነገሩ በዚሁ ቀረ። ሌላ አገር ፎልደሩን በቁጥር ይጠሩት ይሆናል። የኛ ቤት በሰው ስም ነው የሚሠራው፤ ሰው ደግሞ ከነአባቱ ነው የሚጠራው። እንግዲህ ተማሪያችን ሁሉ መሐሉ ላይ መቀስ የሚያልፍበት ቦታ ይዞ ነው የሚመዘገበው።

የጋሽ ኢብራሂምን ነገር ትንሽ ልጨምር። ትእዛዝ ጽፎ ሲጨርስ ኤንተርን ወዲያው አይመታም። ሁለት እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፤ የጻፈውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ማጥፋት ያለበት ትእዛዝ ከሆነ ደግሞ ከፊቱ «ኤኮ» የሚባል ቃል ያስገባል። ኤኮ ያለበት ትእዛዝ አያጠፋም፤ ሊያጠፋ የነበረውን ስም ብቻ ጽፎ ያሳያል። እሱን አንብቦ፣ ቆጥሮ፣ ከዚያ ነው ኤኮውን አንስቶ የሚያስሄደው። አንድ ቀን «ለምን ትደክማለህ፣ ታውቀው የለ?» ብዬ ስጠይቀው «በቴሌግራፍ ጊዜ ባቡር ልቀቅ ብዬ መልእክት ከላክሁ በኋላ፣ ተሳስቻለሁ ብዬ የምሮጥበት መንገድ አልነበረም» አለኝ።

ደግሞ አያሞግስም። የሚያምር ስክሪፕት ጽፌ በደስታ ሳሳየው አንዲት ጥያቄ ብቻ ትመጣለች። «ሲሳሳትስ ምን ይላል?»

«አይሳሳትም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሲሳሳት ምን ይላል ነው ያልኩሽ!»

እሱ ጡረታ ሲወጣ ቁልፉን ለኔ አስረከበኝ። ጥፋቱን የሠራሁት ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወረቀት መዝገቦቹን ስካን ስናደርግ በስህተት ሁለት ጊዜ የተሠሩ ፎልደሮች ተገኙ። አንዲት ተማሪ፣ የማወራላችሁ ሐዋ ሳትሆን ሌላ፣ «ሐዋ አብዲ» ተብላም፣ ከነአያቷ «ሐዋ አብዲ ሮብሌ» ተብላም ትገኛለች። ትርፎቹን ማጥፋት ነበረብኝ። የትርፎቹን ስም ዝርዝር በአንድ ፋይል አዘጋጀሁና ስም በስም እያነበበ የሚያጠፋ ስክሪፕት ጻፍኩ። ስሙ መኖሩን በሚያረጋግጠው መስመር ላይ ትእምርተ ጥቅስ አደረግሁ። ስሙን ማስታወሻ ላይ በሚጽፈው መስመር ላይም አደረግሁ። የማጥፊያዋን መስመር የጻፍኳት መጨረሻ ላይ ነው፤ የምሳ ሰዓት ደርሶ ዘበኛው ቁልፍ እያንቀጫቀጨ «እትዬ ብዙ፣ ልዘጋ ነው» እያለኝ። መስመሯ ይህችው ናት፣ rm ማለት አጥፋ ነው፣ $d ደግሞ የፎልደሩ ስም የሚገባባት ቦታ ናት፤

rm -rf $d

መሆን የነበረባት እንዲህ ነው፤

rm -rf "$d"

ልዩነቱ እነዚያ ሁለት ምልክቶች ናቸው። ሌላም ጥፋት አለ። ፋይሎቹ እንዳይነኩ የተቆለፉ ስለነበሩ ማሽኑ በእያንዳንዱ ፋይል ላይ «ይኼንንስ ላጥፋ?» እያለ ሲጠይቀኝ ሰልችቶኝ ነበር። ያቺን ኤፍ የምትባል ፊደል የጨመርኩት «አትጠይቀኝ» ለማለት ነው። እሷ ግን ጥያቄውን ብቻ ሳይሆን ስሞታውንም አብራ ትዘጋለች። የተሰጠው ስም ባይኖር እንኳ «የለም» አይልም። በሙከራ ፎልደር ላይ ሞክሬው ሠርቶ ነበር፤ የሙከራዎቹን ስም ግን ባለ አንድ ቃል ነበር ያደረግኋቸው። ኤኮ አላስገባሁም፣ እጄንም ጉልበቴ ላይ አላደረግሁም። ኤንተር መታሁና ወጣሁ።

ከምሳ ስመለስ ትርፎቹ ፎልደሮች ሁሉ ባሉበት አሉ። «ምንም አልሠራም» ብዬ ሳቅሁ። በማውስ አንድ በአንድ አጠፋኋቸውና ረሳሁት።

ሠርቶ ነበር። «ሐዋ አብዲ»ን ለሁለት ቆርጦ «ሐዋ»ን ፈልጓል፣ «አብዲ»ን ፈልጓል። አብዲ የሚባል ፎልደር አልነበረም። ሐዋ የሚባል ግን ነበረ። ስካን ስንጀምር በመጀመሪያው ባች ውስጥ አንዲት ሐዋ ብቻ ስለነበረች፣ ስካን አድራጊዋ የአባት ስም ሳትጨምር «ሐዋ» ብላ አልፋ ነበር። ያቺ ስካን አድራጊ ማን መሰለቻችሁ? እኔው ነኝ። እንዲህ በነጠላ ስም የተቀመጡ ጥቂት ፎልደሮች ነበሩ፤ ስክሪፕቱ ያገኛቸው ሁለቱን ነው፣ ሐዋንና ሰላምን።

መጠባበቂያ የለም ወይ እንዳትሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዋናውን ዲስክ ከመጠባበቂያው ጋር የሚያመሳስል ሌላ ስክሪፕት ነበረኝ፤ ከዋናው የጠፋውን ከመጠባበቂያውም ያጠፋል። በጣም እኮራበት ነበር። የዚያ ባች ወረቀት ደግሞ ከስካኑ በኋላ የመጋዘኑ ጣሪያ አፍስሶበት ሻግቶ ተወግዷል።

ከወራት በኋላ አንድ ደብዳቤ መጣ። በሁርሶ መንገድ ላይ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ሐዋ ጃማ የተባለች አዋላጅ ነርስ በርግጥ ከናንተ መመረቋን አረጋግጡልን ይላል። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር። ፈለግሁ፣ የለችም። ደግሜ ፈለግሁ፣ የለችም። «በመዝገባችን ያልተገኘች መሆኑን እንገልጻለን» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ታደሰ ፈረሙ። ያን ቀን የተለየ ነገር አልተሰማኝም፤ ይኼንን ሳላሳምር ነው የምጽፈው።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ቀጭን ሴት ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ዲፕሎማዋን በፕላስቲክ አሽጋ ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

«ሐዋ ጃማ እባላለሁ» አለች። «የለችም ያላችኋት።»

ከሥራ ታግዳለች። ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀመጥባታል። በሐሰት ማስረጃ ሠርታለች ከተባለ መባረር ብቻ አይደለም፣ ክስም አለው። ዲፕሎማውን አየሁት፤ ማኅተሙ የኛ ነው። ጥግ ላይ ደግሞ አዘጋጅ ተብሎ የተፈረመው ፊርማ የኔ ነው።

«ተቀመጪ እስቲ የኔ ልጅ» አልኳትና ወደ ጥቁሩ መስኮት ዞርኩ። ሼል የታዘዘውን ሁሉ በታሪክ ያስቀምጣል። ያቺን ስክሪፕት አገኘኋት። ከማጥፊያው መስመር ፊት ኤኮ አስገብቼ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በየራሱ መስመር እንዲጽፍ አድርጌ፣ በድሮው ዝርዝር ላይ አስሄድኳት። ስሞቹ አንድ በአንድ ወረዱ። በዝርዝሩ ላይ የሌሉ፣ ግማሽ ስሞች። ከመካከላቸው ሐዋ ብቻዋን ቆማለች፤ ያለ አባት ስም ያስቀመጥኳት፣ የጃማ ልጅ።

ለሐዋ ምንም ሳልል ወደ አቶ ታደሰ ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ክራቫታቸውን ላላ አደረጉ። ሲያደርጉት አይቼ አላውቅም።

«ወይዘሮ ብዙነሽ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ዝናብ ነው በያት። ወረቀቱ በርግጥም በዝናብ ሻግቷል፣ ውሸት አይደለም። ዝናብ አይከሰስም።»

አልኳት። ወጥቼ፣ ፊቷ ተቀምጬ፣ ዓይኗን ሳላይ «የዚያን ጊዜ መዝገብ ዝናብ አበላሽቶት ነው፣ ይቅርታ» አልኳት።

«የክፍል ጓደኞቼስ? ባለፈው ዓመት ፋጡማ መጥታ ማስረጃዋን ወስዳ የለ? ዝናቡ እኔን ብቻ ነው መርጦ ያገኘኝ?»

ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ወረቀት ማስተካከል ጀመርኩ።

«እሺ» አለችና ዲፕሎማዋን አነሳች። «ሰኞ ለኮሚቴው ዝናብ ነው እላቸዋለሁ። ይስቃሉ።»

ከሥራ ስወጣ ባጃጅ ያዝኩና ጋሽ ኢብራሂም ቤት ሄድኩ፣ ከዚራ የሚባለው ሠፈር። ከጓሮው ሎሚ ዛፍ ሥር ሬዲዮ ፈታቶ እየሠራ ነበር። ሳልቀመጥ ነገርኩት። ብሎኑን አስቀመጠ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ሲሳሳት ምን አለ?»

«ምንም። እንዳይናገር አድርጌው ነበር።»

«ወላሂ ስህተቱስ የማንም ስህተት ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ» አለኝ። «ማሽኑን ዝም አሰኘሽው፣ እሺ። አሁን ደግሞ አንቺ ዝም ልትይ ነው?»

«አቶ ታደሰ…»

«ታደሰን እኔ አልጠየቅሁም። ሰኞ ስንት ቀን ቀረው?»

በማግስቱ ጠዋት ደብዳቤ ጻፍኩ። «አልተገኘችም ተብሎ የተጻፈው ስህተት ነው። ሐዋ ጃማ ኮሌጃችን ተምራ ተመርቃለች። መዝገቧን በስህተት ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» አቶ ታደሰ አንብበው ወደኔ መልሰው ገፉት።

«በዚህ ላይ ማኅተም አላደርግም። ነገ የተመራቂው ሁሉ መዝገብ ይጠረጠራል።»

«እንግዲያው ያለ ማኅተም ይዤው እሄዳለሁ» አልኳቸው።

ማራገቢያው ጣሪያው ላይ ይንቋቋል። አቶ ታደሰ ብዕራቸውን አንስተው «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» የሚለውን ሰረዙና በራሳቸው እጅ «በመሥሪያ ቤታችን የሥራ ስህተት ጠፍቷል፤ ኃላፊነቱ የሬጅስትራሩ ነው» ብለው ጻፉበት። ሬጅስትራሩ እሳቸው ናቸው። ፈረሙ፣ ማኅተሙንም ራሳቸው መቱት። ያን ሰው በፈሪነት ሳማቸው የኖርኩትን አሰብኩና አፈርኩ።

ቅዳሜና እሑድ የአዋላጅነት መምህራኑን ቤት ለቤት ዞርኩ። ከነሱ አንዷ የድሮ የውጤት ደብተሮቿን በካርቶን አሽጋ አልጋ ሥር ነበር ያኖረቻቸው፤ የሐዋ ስም ከነአባቷ፣ በየትምህርቱ ውጤቷ አለ። ኮፒ አደረግን። ሰኞ በሚኒባስ በሁርሶ መንገድ ወደ ጤና ጣቢያው ወረድኩ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ «ከስንት ሐዋ መካከል ይቺን ብቻ እንዴት አድርጎ ያጠፋል ማሽን? ያስረዱን» አሉኝ። መቀስ ጠየቅሁ። ወረቀት ላይ «ሐዋ አብዲ» ብዬ ጻፍኩ፣ ቆረጥኩ፣ የአባት ስሟን ሳልጽፍ ያስቀመጥኳት ሐዋ በዚያ እንዴት እንደተያዘች አሳየኋቸው። አንድ አዛውንት የኮሚቴ አባል ቁራጮቹን አንስተው አዩና «ስለዚህ የጃማን ልጅ ከጃማ ቆርጣችኋታል» አሉ። «አዎ» አልኩ። «እኔ ነኝ የቆረጥኳት። ዝናብ ነው ብዬም ዋሽቻታለሁ።» ሐዋ ጥግ ተቀምጣ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ዞር አላለችም።

ወደ ሥራዋ መለሷት። ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝና ማኅደሬ ውስጥ ገባ፤ እዚያው ይኑር።

ከዚያ ወዲህ ስክሪፕቶቼን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አነበብኳቸው። ሁለት ወር ፈጀብኝ። መጠባበቂያውን የጠፋ ነገር ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲያቆይ አድርጌ አስተካከልኩት። ነጠላ ስም ያላቸውን ፎልደሮች ከነአባታቸው መልሼ ሰየምኳቸው። ጥንቃቄ እንግዲህ እንዲህ ዘግይቶ ነው የመጣልኝ።

የሐዋን መዝገብ እንደገና ለመሥራት የልምምድ ደብተሯ ያስፈልግ ነበር፤ ተማሪዎቹ ያዋለዱትን እያንዳንዱን እናት የሚመዘግቡበትና ኃላፊዋ የምትፈርምበት ነው፤ የሚቀረውም በተማሪዋ እጅ ብቻ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ይዛው መጣች። ሻይ አዘዝኩላት፣ አልነካችውም።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ደብዳቤሽ ሥራዬን መልሶልኛል። ግን ሠፈሩ ደብዳቤ አያነብም። የውሸት ነርስ ናት ተብሎ ተወርቷል። ታግጄ በነበረ ጊዜ እኔ የምከታተላት አንዲት ነፍሰ ጡር ሌላ ጋ እሄዳለሁ ብላ መንገድ ላይ ባጃጅ ውስጥ ወለደች። ደህና ናቸው፣ ሁለቱም። ግን እኔ መኖር ነበረብኝ።»

«አዎ፣ መኖር ነበረብሽ» አልኩ።

ደብተሯን ስካን ሳደርግ እያንዳንዱን ገጽ ትከታተል ነበር። ሙሉ ስሟን ከነአያቷ ጻፍኩ፣ አስነበብኳት፣ «ልክ ነው» አለች። ልትወጣ ተነስታ በሩ ላይ ቆመች።

«ሌላስ አለ? እንደኔ የጠፋ?»

«አንዲት አለች» አልኳት። «ሰላም ተስፋዬ። ውጤቷን ከመምህራኑ አግኝቻለሁ፣ ደብተሯ ግን እሷ ጋ ነው። መምህራኑ የሰጡኝ ስልኳ አይሠራም። በደብዳቤም ፈልጌያት አጣኋት። አንድ ቀን አንድ መሥሪያ ቤት ይጠይቅባትና…»

«ሰላም?» አለች ሐዋ። «አናቶሚ ክፍል አጠገቤ ነበር የምትቀመጠው። አግብታ አዋሽ ገብታለች።» ቦርሳዋን ከፍታ ስልኳን አወጣች፣ ደወለች፣ ድምፁን ጮክ አድርጋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ሐዋዬ! አንቺ ጠፊ!» አለች ከወዲያ አንዲት ሴት፣ ድስት ይንኳኳል።

ሐዋ ስልኩን በጣቷ ወደ እኔ ገፋችው። እሷ አትነግርልኝም ማለቷ ነው።

ወደ ስልኩ ጎንበስ አልኩ። «ሰላም፣ ደህና ነሽ? ብዙነሽ እባላለሁ፣ ከኮሌጁ ሬጅስትራር። መዝገብሽን አጥፍቼዋለሁ። ዝናብም አይደለም፣ ማሽኑም አይደለም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ልመልሰው እችላለሁ፤ ግን የልምምድ ደብተርሽ ያስፈልገኛል። አለሽ?»

ሐዋ እጆቿን አጣጥፋ ታየኛለች።

«ቆዪ እስቲ» አለች ሰላም በመጨረሻ። «እሳቱን ላጥፋና ልፈልገው።»

ነጠላ ጫማዋ ወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ሲርቅ፣ ከዚያ የሳጥን ክዳን ሲከፈት ሰማን። ይኼኔ ሐዋ ወደ ስልኩ ዘንበል ብላ ጮኸች።

«ከልብሱ ሥር ነው የምታስቀምጪው! አውቅሻለሁ እኮ፣ ከታች እዪ!»